የዘንባባው ስፋት፦ ትራም ፍለጋ በባሕር ዳር

በጥር 2015 ዓ.ም.፣ የጥምቀት ሰሞን ካለፈ በኋላ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሄድነው አንድ ነገር ለማየት ነው። በጣና ዳር ትራም፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚሄድ የከተማ ባቡር፣ ቢዘረጋ ሐዲዱ በየት ያልፋል? መብራቱ ከየት ይመጣል? የሚያስቸግረውስ ምኑ ነው? ሜትር፣ የተዳፋት መለኪያና የከተማዋን ካርታ ይዘን ነበር። ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ጥር 15፣ ሰኞ፦ የዓባይ በረሃ

አውቶቡሱ የሚነሳው ሌሊት 11 ሰዓት ስለሆነ ቀላል ባቡሩ ገና ሥራ አልጀመረም፤ እስከ መስቀል አደባባይ በኮንትራት ታክሲ መሄድ ግድ ነው። ቲኬቱ ውሃና ኬክ ጨምሮ ወደ 900 ብር ነበር። እስከ ጎሐ ጽዮን ያለው መንገድ የሚያስወራ ነገር የለውም።

ቁልቁለቱ ላይ ግን ነገር መጣ። ግማሽ መንገድ ሳንወርድ የተቃጠለ ፍሬን ሸተተና ሹፌሩ ዳር ያዘ። ረዳቱ ሮጦ ጎማ ሥር ድንጋይ ወሸቀ። ከባድ መኪና ቁልቁለት ሲወርድ ጉልበቱ በሙሉ በፍሬን ሸራው ላይ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ሸራው ከልክ በላይ ሲግል መያዙን ይተዋል። መድኃኒቱ በከባድ ማርሽ መውረድና ሲግል ማሳረፍ ብቻ ነው። አርባ ደቂቃ ያህል ጠበቅን።

ትራም እዚህ ላይ ሌላ መላ አለው። ሞተሩን ብረት ጎማው ሲያዞረው ሞተሩ ጄኔሬተር ይሆናል፤ ባቡሩን እየያዘ መብራት ያመነጫል። ያ መብራት ወደ ላይኛው ሽቦ ተመልሶ በአቅራቢያው ዳገት የሚወጣ ሌላ ትራም ይጠቀምበታል። በአካባቢው ተቀባይ ከሌለ ግን የሽቦው ቮልት ከፍ ይልና መቆጣጠሪያው መብራቱን ጣሪያ ላይ ወዳለው ሬዚስተር ያዞረዋል፤ እዚያ በሙቀት ይባክናል። ስለዚህ «መብራት ይመልሳል» የሚለው የሻጭ ቃል የሚሠራው በመስመሩ ላይ ብዙ ባቡር ሲኖር ነው። በየሃያ ደቂቃው አንድ የሚያልፍበት መስመር ከዚህ ብዙ አያተርፍም።

ዳገት የትራምን ዕድል የወሰነ ነገር ነው። አሜሪካዊው ፍራንክ ስፕራግ በ1888 ቨርጂኒያ ውስጥ ሪችመንድ ከተማ ላይ መስመሩን ሲዘረጋ አንዳንዱ ተዳፋት 10 በመቶ ይደርስ ነበር። በሌሊት ሙከራ ወቅት ሞተሩ ከብዶት መኪናው መንገድ ላይ ቆመ፤ ስፕራግም ለተሰበሰበው ሰው የጥገና መሣሪያ እስኪመጣ እንጠብቃለን አለ። የመጡት መሣሪያዎች አራት በቅሎዎች ነበሩ። ሞተሩን አሻሽሎ፣ በስፕሪንግ ወደ ሽቦው የሚገፋውን ዘንግ አስተካክሎ በየካቲት 1888 ሥራ አስጀመረ። አርባ መኪና በአንድ መስመር በኤሌክትሪክ ሲሄድ ያዩ የሌሎች ከተሞች ባለሀብቶች ፈረሶቻቸውን መሸጥ ጀመሩ።

ምሳ ደብረ ማርቆስ በላን፤ ባሕር ዳር ሲመሽ ገባን። 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ለለመደ የአዲስ አበባ ሰው ጃኬት አያስፈልግም። የአሳ ጉላሽ 180 ብር፣ እንጀራው እስኪጠግቡ ይጨመራል።

ጥር 16፣ ማክሰኞ፦ ከጊዮርጊስ እስከ ዓባይ ድልድይ

ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ጠዋት ተነሣን። ባጃጅ በሰው 5 ብር ነበር፣ ለኮንትራት ግን ከ60 ብር በታች የሚሰማ አልነበረም። እኛ በእግር ነበርን። ሜትር የያዘ ሰው ባጃጅ አይጠቅመውም።

ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው ባሕር ዳር መጀመሪያ የምታሳየው ስፋት ነው። ከተማዋ በ1960ዎቹ በጀርመን ባለሙያዎች ፕላን ሲወጣላት ሰፋፊ ጎዳናዎች ተሰመሩላት፤ ዋና ዋናዎቹ መሐላቸው ላይ ዘንባባ የተተከለበት አካፋይ አላቸው። መሬቱም ሜዳ ነው፤ የተዳፋት መለኪያችን ቀኑን ሙሉ የሚሠራው አላገኘም።

ስፋቱ ለምን ይጠቅማል? ቁጥሩን እንየው። ዘመናዊ ትራም ስፋቱ 2.65 ሜትር ወይም 2.40 ሜትር ነው። ሁለት ሐዲድ ጎን ለጎን፣ መሐላቸው የሽቦ ምሰሶ ቆሞ፣ ለሰፊው ወደ 7 ሜትር፣ ለጠባቡ ከ6 ሜትር ትንሽ ከፍ ያለ ቦታ ይፈልጋል። ማቆሚያ ሲጨመር ለእያንዳንዱ አቅጣጫ ቢያንስ 3 ሜትር መድረክ ያስፈልጋል። ሁለቱን መድረኮች ፊት ለፊት ካደረጉ 13 ሜትር ይበላል። አንዱን ከመስቀለኛው መንገድ በፊት፣ ሌላውን ከመስቀለኛው ወዲያ ካደረጉት ግን በየትኛውም ነጥብ ላይ የሚኖረው መድረክ አንድ ብቻ ስለሆነ 10 ሜትር ይበቃል። የመድረኩ ርዝመት ለ30 ሜትር ትራም ወደ 35 ሜትር፣ ከፍታው ከ30 እስከ 35 ሳንቲ ሜትር። ከዚህ በላይ ወይም በታች ከሆነ ከወለሉ ጋር አይገጥምም፣ ያኔ ተሽከርካሪ ወንበር ያለው ሰው ውጭ ይቀራል።

ዘንባባዎቹ መነሣት አለባቸው፣ ግን መቆረጥ የለባቸውም። ዘንባባ ሥሩ እንደ ዋርካ አይሰፋም፤ ከግንዱ ሥር ዙሪያው ተቆፍሮ ከአፈሩ ጋር ቢነሣ ሌላ ቦታ ይይዛል። ወደ እግረኛው ዳር ቢዛወሩ ጥላቸው ለሰው ይሆናል። ከሽቦው አጠገብ ከተተዉ ግን ክረምት ላይ እርጥብ ቅጠል ሽቦው ላይ ይወድቅና መስመሩን ያቋርጣል።

ይህ ስፋት ሕይወት መሆኑን የምንለው ትራም የሞተበትን ምክንያት ስለምናውቅ ነው። ብዙዎች አሜሪካ ውስጥ ትራምን የገደሉት የአውቶቡስና የጎማ ኩባንያዎች ናቸው ይላሉ። ናሽናል ሲቲ ላይንስ የተባለው ድርጅትና ከጀርባው የነበሩት፣ ጄኔራል ሞተርስ ጭምር፣ በ1949 ጥፋተኛ የተባሉት እውነት ነው፤ ጥፋቱ የአውቶቡስና የዕቃ ሽያጩን ለብቻ ለመያዝ በመመሳጠር ነበር። ነገር ግን ሕመሙ ቀደም ብሎ የገባ ነው። ታሪፉ በውል 5 ሳንቲም ላይ ታስሮ ነበር፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደመወዝና ብረት ሲወደድ ታሪፉ አልነቃነቅ አለ። በሐዲዶቹ መካከል ያለውን መንገድ የማንጠፍ ግዴታም የትራም ኩባንያው ነበር፤ በዚያ ንጣፍ ላይ በነፃ የሚሄደው መኪና ደግሞ መንገድ ይዘጋበታል። በ1935 የወጣው ሕግ የመብራት ኩባንያዎችን ከትራሞቻቸው ለያየ። ከሁሉም የከፋው ግን የመንገድ መጋራት ነው። አንድ መኪና ሐዲድ ላይ ቢቆም ከኋላው ያለው ትራም ሁሉ ይቆማል፤ ትራም አይታጠፍም።

ፓሪስ በ1930ዎቹ መጨረሻ ትራሞቿን ጨረሰች፤ ለንደን በሐምሌ 1952፣ ሲድኒ በ1961። ሜልበርን ግን አልነቀለችም፤ የመሐል ከተማዋ ጎዳናዎች ወደ 30 ሜትር የሚሰፉ መሆናቸው ረድቷታል፤ ዛሬ በዓለም ትልቁ የትራም መረብ የእሷ ነው። ትራም የተመለሰውም በራሱ መስመር ነው። ናንት በ1985 ከፈተች፣ ግረኖብል በ1987 ዝቅ ባለ ወለል አካል ጉዳተኛ ያለ እርዳታ የሚገባበትን አመጣች፣ ስትራስቡርግ በ1994 ተከተለች። በአፍሪካ ካይሮ ከ1896 ጀምሮ የኤሌክትሪክ ትራም ነበራት፤ በእኛ ዘመን ደግሞ ራባትና አልጀርስ በ2011፣ ካዛብላንካ በ2012 አዲስ አስገቡ። አንዳቸውም መኪና መሐል አልጣሉትም።

ስለዚህ ከጊዮርጊስ ወደ ዓባይ ስንሄድ ዓይናችን ያረፈው አካፋዩ ላይ ነበር። አንዳንድ ቦታ ለማቆሚያ ባጃጅ ገብቶበታል፣ አንዳንድ ቦታ የግንባታ አሸዋ ተደፍቶበታል። ይህ ቦታ ነፃ መሬት አይደለም፤ የከተማዋ የወደፊት ሐዲድ ነው፤ በፕላን ላይ ተጽፎ ካልተጠበቀ አንድ ቀን ሌላ የመኪና መስመር ይሆናል።

ከስድሳ ዓመት በላይ ያገለገለው አሮጌው ድልድይ ላይ ስንደርስ ጠባቂው መጣ። ድልድዩን ፎቶ ማንሳት ክልክል መሆኑን እናውቅ ነበር፤ ሜትር ዘርግቶ መለካትም እንደዚያው ነው። «ጋሼ፣ እሱን ነገር ሰብስቡት» አለን በትሕትና፣ ሰበሰብነው። በጎኑ አዲሱ ድልድይ እየተሠራ ነበር። ምሳ ሐይቁ ዳር፣ ሙሉ ቀረሶ ጥብስ በዳጣ፣ 200 ብር።

ጥር 17፣ ረቡዕ፦ ገበያ፣ መናኸሪያ፣ ብስክሌት

ጾም ነው፤ በያይነቱ 90 ብር፣ ሽሮው የጎጃም ሽሮ ስለሆነ አዲስ አበባን አስረሳን።

ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ናት። ተማሪው፣ ሠራተኛው፣ ዳቦ አመላላሹ ሁሉ ይጋልባል። ትራም ደግሞ ለብስክሌት አንድ አደገኛ ነገር ይዞ ይመጣል፦ በአስፋልት ውስጥ የሚቀበረው ሐዲድ በጎኑ ሸንተረር አለው፤ የብረት ጎማው ከንፈር የሚሄድበት ነው። ስፋቱ 4 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው።

ገበያው አጠገብ ጥላ ሥር ወደተቀመጠ ብስክሌት ጠጋኝ ሄድን። ፊቱ ቸርኬ ተገልብጦ ተቀምጧል፣ አጠገቡ ውሃ ያለበት ሳህን፣ ጎኑ ላይ ሙጫና የተቆራረጠ የቆየ ከመነዳሪ። ሦስት ጎማ ለካን። የድሮው ባለ 28 ብስክሌት ጎማ ጎኑ 4 ሳንቲ ሜትር አይሞላም፤ የማውንቴን ጎማ ግን ከ5 ያልፋል። የድሮው ሸንተረሩ ውስጥ ይገባል ማለት ነው፤ ሰፊው ጠርዙን ነክቶ ያልፋል። ጠጋኙ ነገሩ ሲገባው «ከገባማ ሰውየው ይወድቃል፣ ቸርኬውም ይጣመማል፣ እኔ ጋ ይመጣል» አለ።

መፍትሔው የታወቀ ነው። ብስክሌት ሐዲድን ማቋረጥ ያለበት በቀጥታ ማዕዘን ወይም ከ60 ዲግሪ ባላነሰ ነው፤ ስለዚህ የብስክሌቱ መንገድ መስቀለኛው ላይ በቀለም ተሰምሮ ጠምዘዝ ይደረጋል። በጎን የሚሄደው የብስክሌት መስመር ከማቆሚያው መድረክ በስተኋላ ያልፋል እንጂ በመድረኩና በሐዲዱ መካከል አይገባም። ሸንተረሩን በጎማ መሙላት ይቻላል የሚሉ አሉ፤ ይቻላል፤ ግን በየጥቂት ደቂቃው አርባ ቶን የሚያልፍበት ጎማ ቶሎ ይበጣጠሳል፤ ቀስ ብሎና አልፎ አልፎ ባቡር ለሚያልፍበት ቦታ ብቻ ይሆናል። ብስክሌተኛው በማይደርስበት አካፋይ ላይ ግን ሸንተረር ያለው ሐዲድ ጨርሶ አያስፈልግም፤ እንደ አዲስ አበባው ጠጠር ላይ ተራ ሐዲድ ቢነጠፍ ይረክሳል፣ ለጥገናም ይቀላል።

ወደ መናኸሪያው አካባቢ ስንገባ ስፋቱ ቀነሰ። ትራም ሲታጠፍ ቢያንስ 25 ሜትር ራዲየስ ቢሰጡት ይመረጣል፤ ከዚያ በታች ብረት ከብረት ይፋጫል፣ ጎረቤቱ እንቅልፍ ያጣል፣ የጎማው ከንፈርም ቶሎ ይሳሳል። ሲታጠፍ ደግሞ ጭራውና መሐሉ ከሐዲዱ ውጭ ያልፋሉ፤ የሱቅ ደረጃ፣ የመብራት ምሰሶ፣ የቆመ ባጃጅ በዚያ ጥላ ውስጥ መኖር የለበትም። ባለሙያ ሳይጠራ ይህን የሚያሳይ ቀላል ዘዴ፦ የትራሙን ቅርጽ በካርታው ልክ አሳንሶ ከካርቶን ቆርጦ ካርታው ላይ ማዞር ነው። ባረፍንበት ቤት ጠረጴዛ ላይ አዞርነው፤ በገበያው በኩል አንዱ መታጠፊያ እምቢ አለ።

ከመሬት በታች ያለው ነገር ከላዩ የባሰ ነው። የኤዲንብራ ከተማ 14 ኪሎ ሜትር መስመር ስትዘረጋ የውሃና የመብራት ቧንቧዎቹ በካርታው ላይ እንዳሉት ሆነው አልተገኙም፤ ከኮንትራክተሩ ጋርም ክርክር ተነሣ፤ መስመሩ ዘግይቶ በግንቦት 2014 ሲከፈት ወጪው 776 ሚሊዮን ፓውንድ ደርሶ ነበር። ከሐዲድ በታች የሚቀር የውሃ ቧንቧ ሲፈነዳ ለመጠገን ባቡሩ መቆም አለበት። ስለዚህ ውል ከመፈረሙ በፊት በእጅ የሚቆፈር የሙከራ ጉድጓድ በመስመሩ ሁሉ፣ በተለይ በየመስቀለኛው፣ ይቆፈራል፤ የተገኘው ቧንቧ በሙሉ ወደ ጎን ይዛወራል። ገበያ አካባቢ ይህ ሥራ ብቻውን ከሐዲዱ ሥራ በላይ ጊዜ ቢወስድ አይገርምም።

ለሐይቅ ዳር ከተማ ደግሞ የተለየ ጣጣ አለ። ቬርነር ፎን ሲመንስ በግንቦት 1881 በርሊን አጠገብ ሊሽተርፌልደ ላይ የመጀመሪያውን የሕዝብ ኤሌክትሪክ ትራም ሲያስጀምር 180 ቮልቱን ያስተላለፈው በራሳቸው በሁለቱ ሐዲዶች ነበር። ማቋረጫ ላይ ሁለቱን ሐዲዶች ባንድ ጊዜ የረገጠ ፈረስ መብራት ይይዘው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ነው መብራቱ ወደ ሽቦ የወጣው። ዛሬም ግን መብራቱ በሽቦ መጥቶ የሚመለሰው በሐዲዱ ነው። ከሐዲዱ ትንሽ ካፈተለከ እርጥብ አፈር ይዞት በብረት ቧንቧ ይሄዳል፤ ከቧንቧው በሚወጣበት ቦታ ብረቱን በልቶ ይበሳዋል። ጣና ዳር ጥቂት ቆፍሮ ውሃ የሚገኝበት ሰፈር ስላለ ይህ በባሕር ዳር ከአዲስ አበባ ይከብዳል። ሐዲዱ በብየዳ መያያዝ፣ በአስፋልት ውስጥ ሲቀበር በላስቲክ መጠቅለል፣ ከሥሩ የውሃ ማፍሰሻ መኖር አለበት። ማፍሰሻው በአፈር ከተደፈነ ላስቲኩ ውሃ ውስጥ ይቀመጣል፤ ያኔ ትርፉ ይጠፋል። በክረምት መግቢያ ማፍሰሻውን መጥረግ የትራም ጥገና ነው፤ የጽዳት ሥራ ብቻ አይደለም።

ጥር 18፣ ሐሙስ፦ ጢስ ዓባይ

ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ አቧራ ነው፤ በሚኒባስ የሄደ ሰው ሲወርድ ነጠላው ቀለም ቀይሯል። ጥር ላይ ፏፏቴው ቀጭን ነው፤ ውሃው ለመብራት ይዞራል። በሙላቱ ማየት የሚፈልግ ነሐሴና መስከረም ይምጣ። ወደ ፏፏቴው የሚያሻግረው የአፄ ሱስንዮስ ዘመን የድንጋይ ድልድይ ግን በየትኛውም ወር ያምራል። ድልድዩ አጠገብ አንዲት እናት ቡና አፍልተው 10 ብር ሸጡልን፤ ቆሎው ምርቃት ነው።

እኛ የሄድነው ለመብራቱ ነው። የመጀመሪያው ጣቢያ በ1964 ሥራ ሲጀምር አቅሙ 11.4 ሜጋ ዋት ነበር፤ በ2001 ሁለተኛው 73 ሜጋ ዋት ጨመረ፤ በ2010 ጣና በለስ በ460 ሜጋ ዋት መጣ። ትራም ምን ያህል ይበላል? 30 ሜትር የሚረዝም ትራም በኪሎ ሜትር ከ4 እስከ 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ይወስዳል። አሥር ትራም በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር አማካይ ፍጥነት ቢሄዱ አንድ ሜጋ ዋት አይሞላም። ሁሉም ባንድ ጊዜ ሲነሡ ጥቂት ሜጋ ዋት ይደርሳል። የ1964ቱ አሮጌ ጣቢያ ብቻውን ይችለው ነበር። «መብራት የለንም፣ እንዴት ትራም?» ለሚል ሰው መልሱ ይህ ነው፦ ጉዳዩ ማመንጨቱ ላይ አይደለም፤ ከማመንጫው እስከ ሐዲዱ ባለው መስመር ላይ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ። አገራችን ውስጥ የከተማ ማከፋፈያ 15 ወይም 33 ኪሎ ቮልት ነው። የትራሙ ሰብስቴሽን ይህን በትራንስፎርመር አውርዶ በሬክቲፋየር ወደ 750 ቮልት ቀጥተኛ መብራት ይለውጠዋል፤ አዲስ አበባም 750 ነው። አንድ ትራም ሲነሣ 500 ኪሎ ዋት ቢስብ በ750 ቮልት ወደ 670 አምፔር ይሆናል። 120 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ በኪሎ ሜትር 0.15 ኦም ገደማ ስላለው በየኪሎ ሜትሩ 100 ቮልት ይጠፋል። ሰብስቴሽኑ ሁለት ኪሎ ሜትር ርቆ በአንድ ወገን ብቻ የሚመግብ ከሆነ ትራሙ ጋ የሚደርሰው 550 ቮልት ነው። የተፈቀደው ዝቅተኛ 500 ነው። ሌላ ትራም በዚያው ሰዓት ከተነሣ ሁለቱም ይደክማሉ፣ መቆጣጠሪያቸውም ይዘጋል። ስለዚህ ሰብስቴሽኖቹ በየሁለት ኪሎ ሜትሩ ይቆማሉ፤ እያንዳንዱ ሽቦ ከሁለቱም ጫፍ ይመገባል፤ አንዱ ቢበላሽ ጎረቤቱ እስከ ግማሽ ያህል ይሸከማል። ሁለቱ ሰብስቴሽኖች ከአንድ የ15 ኪሎ ቮልት መስመር ላይ ከተንጠለጠሉ ግን ይህ ሁሉ ከንቱ ነው፤ አንድ ምሰሶ ሲወድቅ ሁለቱም ይጠፋሉ። ከተለያዩ ሁለት መስመሮች መምጣት አለባቸው። በሌሊቱ ባረፍንበት ሰፈር መብራት ሁለት ሰዓት ያህል ስለጠፋ በሻማ ነው የጻፍነው።

ሽቦውም ቀጥ ብሎ አይሰቀልም። ከሐዲዱ መሐል ወደ ግራና ቀኝ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል እየተዛነፈ ይሄዳል፤ ቀጥ ካለ የፓንቶግራፉን፣ ማለትም ጣሪያ ላይ ሆኖ ከሽቦው መብራት የሚቀበለውን ክንድ፣ ካርቦን አንድ ቦታ እየፋቀ ጎድጓዳ ያወጣበታል፣ በኋላም ሽቦው ጎድጓዳው ውስጥ ይያዝና ይበጠሳል። ካርቦኑን በየጊዜው እጅ ነክቶ ማየት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ የተበጠሰ ሽቦ መስቀል ግን ግማሽ ቀን ይፈጃል።

ጥር 19፣ ዓርብ፦ ዘጌ

ጀልባ የሚከራየው በሰው ቁጥር ሳይሆን በጀልባው ነው፤ ደርሶ መልስ 2,500 ብር ተስማማን፤ አምስት ስድስት ሰው ሆኖ መሄድ ያዋጣል። ጠዋት ነፋስ ሳይነሣ መውጣት ይሻላል። ከዳር ትንሽ እንደራቅን ሞተሩ ቆመ፤ የጀልባው ልጅ ጎንበስ ብሎ ከፕሮፔለሩ ላይ የተጠመጠመ ሣር በቢላ ቆረጠና ቀጠልን። ደንገል የጫነች ታንኳ በጎናችን ዝም ብላ አለፈች።

ዘጌ የቡና ጫካ ነው፤ ዑራ ኪዳነ ምሕረት በግድግዳ ሥዕሎቿ የታወቀች ናት፤ መግቢያው ይከፈላል፤ አስጎብኚው ደግሞ ለብቻው። ጫካው ውስጥ ሳለን ያነሣነው አንድ የድሮ ልማድ አለ። የአሜሪካ ትራም ኩባንያዎች እሑድ ባቡራቸው ባዶ ስለሚሄድ በመስመሩ ጫፍ መናፈሻ ይሠሩ ነበር፤ ፒትስበርግ አጠገብ በ1898 የተከፈተው ኬኒውድ እስከ ዛሬ አለ። ባሕር ዳር ይህን መሥራት አያስፈልጋትም፤ ጫፉ ላይ ጣና ተቀምጧል። የትራሙ አንድ ጫፍ የጀልባ መነሻው ላይ ቢያርፍ በዓል ቀን ባዶ አይሄድም። ሐዲዱ ግን ከውሃው ዳር መራቅ አለበት፤ ሐይቁ በክረምት ማብቂያ ከፍ ይላል፣ የሰውም መንሸራሸሪያ ነው።

ጥር 20፣ ቅዳሜ፦ ቤዛዊት

የገበያ ቀን ስለሆነ ባጃጁ ሁሉ ተይዟል፤ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ኮንትራት 150 ብር ጠየቁን። ቤተ መንግሥቱ ካለበት ኮረብታ ዓባይ ከጣና ሲወጣ፣ የከተማዋም አቀማመጥ ጥርት ብሎ ይታያል። ባቡሮቹ የሚያድሩበትና የሚጠገኑበት ዴፖ የት ይሁን የሚለውን የተነጋገርነው እዚህ ነው።

አዲስ አበባ ስንኖር በዓይናችን ያየነውን እንናገር። የእኛ ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም. መግቢያ ሲጀምር ወደ 32 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 39 ጣቢያ፣ 41 ባቡር ነበረው፤ ታሪፉ 2፣ 4 እና 6 ብር። ሠራተኛውን በጊዜ ያደርስ ነበር፤ ውለታው ትልቅ ነው። ከዓመታት በኋላ ብዙው ባቡር በመለዋወጫ እጦት ዴፖ ውስጥ ቆመ፤ ወረፋው ረዘመ። አጥሩም ሰፈርን ከሰፈር ለየ፤ አንዲት አሮጊት መንገድ ለመሻገር ደረጃ መውጣት ግድ ሆነባት። አጥር ያስፈለገው ባቡሩ በፍጥነት እንዲሄድ ነው፤ ትራም በከተማ መሐል በ25 እና 30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ቢሄድ፣ የሐዲድ ማግኔት ፍሬን ስላለው በአጭር ርቀት ይቆማል፤ አጥር አያሻውም።

ስለዚህ ዴፖው ከባቡሩ በፊት ይታዘዝ። መጀመሪያ ከወለል በታች የሚቀበር የጎማ ቶርኖ፦ ፍሬን ሲይዝ የብረት ጎማው ሳይዞር ከተንሸራተተ ጠፍጣፋ ይወጣበታል፤ ባቡሩ «ጡፍ ጡፍ» እያለ ይሄዳል፤ ካልተስተካከለ ሐዲዱንም፣ ጎማዎቹ የተገጠሙበትን ቦጊውንም ይሰብራል። ቶርኖ ከሌለ ጎማው በሙሉ ይነቀላል ማለት ነው። ሁለተኛ፣ በጎማው ብረትና በእምብርቱ መሐል ያለው ላስቲክ፣ የፓንቶግራፉ ካርቦን፣ የፍሬን ሸራ፣ የበር ሞተር፣ የኤሌክትሮኒክስ ካርድ፤ እነዚህ ቢያንስ ለሁለት ዓመት የሚበቃ በመጋዘን ይግቡ፤ የግዢው ዋጋ ውስጥ ካልተካተቱ በኋላ የውጭ ምንዛሪ ወረፋ ይጠብቃቸዋል። ሦስተኛ፣ ደረቅ አሸዋ። ዝናብ ላይ ጎማው እንዳይንሸራተት ከሐዲዱ ፊት የሚረጨው እሱ ነው፤ እርጥብ ከሆነ ቱቦው ውስጥ ይጋገራል፤ ስለዚህ ማድረቂያ ምድጃ ያስፈልጋል። ሰውም አለ፤ በ1963 የተከፈተው ፖሊ ቴክኒክ ዛሬ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋም ሆኗል፤ ቶርኖና ብየዳ የሚያውቅ ወጣት ከዚያው ከተማ ይወጣል።

ዴፖው ሜዳ፣ ጎርፍ የማይደርስበት፣ ከመስመሩ ጫፍ ያልራቀ መሬት ይፈልጋል። ከዓባይ ማዶ እንዲህ ያለ ቦታ አለ፤ ግን ሐዲዱ ድልድይ መሻገር አለበት።

ከተመለስን በኋላ፦ ስለ አዲሱ ድልድይ

አዲሱ የዓባይ ድልድይ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 380 ሜትር ይረዝማል፣ 43 ሜትር ይሰፋል፤ በእያንዳንዱ አቅጣጫ ሦስት የመኪና መስመር፣ ለብስክሌትና ለእግረኛም የተለየ መንገድ አለው። 7 ሜትሩን ለትራም ከመኪናው ላይ መውሰድ በስፋት በኩል ይቻላል። ጣጣው ጥልቀቱ ነው። የተለመደው ሸንተረር ያለው ሐዲድ ቁመቱ 18 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በድልድይ ኮንክሪት ላይ ያለው አስፋልት ያን ያህል አይወፍርም፤ ኮንክሪቱን መቆፈር ደግሞ ብረቱን መንካት ነው። ቁመቱ 8 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ አጭር ሐዲድ አለ፤ ከእሱም ጋር የመንገዱን ወለል ጥቂት ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ሐዲዱ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከኮንክሪቱ ብረት መነጠል አለበት፤ አለዚያ ከሐዲዱ ያፈተለከው መብራት የሚበላው የድልድዩን ብረት ነው። በድልድዩ ሁለት ጫፍ፣ ኮንክሪቱ በሙቀት በሚሰፋበትና በሚጠብበት ክፍተት ላይ፣ ሐዲዱም የራሱ መንሸራተቻ መገጣጠሚያ ይፈልጋል። የዲዛይን ሰነዱን ለከፈተ መሐንዲስ የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው፦ ወለሉ በአንድ ቦጊ ላይ የሚያርፈውን ሁለት ጊዜ 10 ቶን በየጥቂት ደቂቃው፣ በዚያው ጠባብ መስመር ላይ፣ ለሃምሳ ዓመት እንዲሸከም ተሰልቷል ወይስ አልተሰላም?